በእግር የሚነበብ ከተማ፦ በጅቡቲ አሮጌ ሰፈር ጉብኝት ላይ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

ሂስ ሲባል ብዙውን ጊዜ በልብ ወለድ፣ በግጥም ወይም በቴአትር ላይ የሚሰጥ አስተያየት ብቻ ይመስለናል። ሆኖም ሰው አስቦና መርጦ፣ መነሻና መድረሻ አበጅቶ ለሌላው የሚያቀርበው ትረካ ሁሉ ሊመዘን ይገባዋል። አስጎብኚ ከፊት እየቀደመ ሰዎችን በአንድ አሮጌ ሰፈር ውስጥ በእግር ሲያዞር የሚያደርገውም ይኸንኑ ነው። የት እንደሚቆም፣ ምን እንደሚያሳይ፣ የማንን ስም እንደሚጠራ፣ የትኛውን መንገድ ሳይሻገር እንደሚመለስ ይመርጣል። ስለዚህ ጉብኝት ራሱን የቻለ ድርሰት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በመጽሐፍና በጉብኝት መካከል ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። የመጽሐፍ አንባቢ የተጻፈው ካልተዋጠለት ገጹን መለስ ብሎ ያያል፤ ሌላ መጽሐፍም ያገላብጣል። ጎብኚ ግን ግንቡን በዓይኑ ስላየ፣ ስለ ግንቡ የተነገረውን ቃልም አብሮ ያምናል። ድንጋዩ ለአስጎብኚው ምስክር ይሆንለታል። በዚህም የተነሣ በጉብኝት የሚተላለፍ ግድፈት ከመጽሐፍ ግድፈት ይልቅ ሥር ይሰዳል። ተማሪዎቻችንን ለትምህርታዊ ጉብኝት ይዘን የምንወጣ መምህራን ጉዳዩን በቸልታ ልናልፈው የማይገባንም ስለዚህ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው በጅቡቲ ከተማ መሐል በሚገኘው አሮጌ ሰፈር የሚካሄደውን የእግር ጉብኝት ነው። ጅቡቲን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ1998 ወዲህ የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ ከ90 በመቶ የማያንሰው በዚያች ወደብ በኩል የሚያልፍ ሲሆን፣ የሁለቱ አገሮች የቅርብ ዘመን ታሪክም በአንድ የባቡር ሐዲድ ላይ የተሠራ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲል አስቀድመን እናሳስባለን።

ከተማዪቱ እንዴት ተቆረቆረች?

ፈረንሳዮች በአካባቢው መጀመሪያ የያዙት ኦቦክን ነበር። በ1862 በተፈረመ ውል ቦታውን ቢያገኙም ለብዙ ጊዜ ሳይሠሩበት ቆዩ። በ1884 ሌዎንስ ላጋርድ አስተዳዳሪ ሆኖ ከመጣ በኋላ ግን ከኦቦክ ይልቅ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ደቡባዊ ዳር ያለው ቦታ ለመርከብ ማረፊያነትም ሆነ ወደ መሐል አገር ለሚወጣው ቅፍለት የተሻለ መሆኑ ታየ። በ1888 የጅቡቲ ከተማ ተቆረቆረች፤ ብዙም ሳይቆይ ዋና ከተማነቱን ከኦቦክ ወሰደች።

በ1894 ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለምድር ባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ። በ1897 በተፈረመው ውልም ጅቡቲ የኢትዮጵያ ንግድ መውጫ መሆኗ ታወቀ። በዚያው ዓመት ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ መዘርጋት ጀመረ፤ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። የመስመሩ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ነበር። የንግድ ቅፍለት ሲያስተናግድ የኖረው የዘይላ ወደብ የተዳከመውና ጅቡቲ የገነነችው በዚህ ምክንያት ነው። አዲስ አበቤው ዛሬም «ለገሃር» ሲል የሚናገረው በዚሁ ባቡር ተሳፍሮ የመጣውን የፈረንሳይኛ ቃል ነው።

እንግዲህ ሰፈሩን ለመረዳት ይህ ያህል መነሻ ይበቃል። ባጭሩ ለማለት፣ ጅቡቲ ከጥንት ጀምሮ ቀስ በቀስ ያደገች ከተማ ሳትሆን በወደብና በባቡር ምክንያት በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የበቀለች ከተማ ናት።

ጉብኝቱ ምን ይመስላል?

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም የሚያስተምር እንደመሆኑ መጠን፣ ከጥቂት ሠልጣኞች ጋር ሆኖ ጉብኝቱን የመከታተል ዕድል አጋጥሞታል። በጅቡቲ የቀኑ ሙቀት በበጋ ከ40 ዲግሪ ስለሚበልጥና ካምሲን የሚሉት ደረቅ ንፋስ ስለሚነሣ፣ ጉብኝቱ የሚደረገው ወይ በማለዳ ወይ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል።

መነሻው የሰኔ 27 ቀን 1977 አደባባይ ነው። ብዙ ሰው ግን ዛሬም በቀድሞ ስሙ የምኒልክ አደባባይ ይለዋል። ዙሪያውን ቅስት ያላቸው በረንዳዎች፣ በኖራ የነጡ ግድግዳዎች፣ ጥልፍልፍ የእንጨት መስኮቶች ይታያሉ። አስጎብኚው ከዚያ በጠባብ መንገዶች አድርጎ፣ ሱቆችንና ቡና ቤቶችን እያሳየ፣ ወደ ማሕሙድ ሐርቢ አደባባይ ይወስዳል። ይህም አደባባይ ቀድሞ ራምቦ አደባባይ ይባል ነበር። በስተመጨረሻ በ1906 የተሠራው የሐሙዲ መስጊድና ገበያው ይታያሉ። ጫት የሚሸጡት ሴቶች ጠረጴዛቸውን ዘርግተው ከኢትዮጵያ የሚመጣውን ጭነት ሲጠባበቁ ጎብኚው ፈገግ ይላል፤ ጉብኝቱም እዚያ ላይ ያበቃል።

የሚመሰገንበት ጎን

ሂስ ጉድለትን መልቀም ብቻ ስላልሆነ በጠንካራው ጎን እንጀምር።

አንደኛ፣ አስጎብኚው ቤቶቹን ከአየሩ ጠባይ ጋር አያይዞ ማስረዳቱ የሚያስመሰግነው ነው። የጥንቶቹ ግድግዳዎች የተሠሩት ከባሕር ከሚገኘው የኮራል ድንጋይና ከኖራ ነው። ግድግዳው ወፍራም፣ ድንጋዩም ቀዳዳማ በመሆኑ የውጪው ሙቀት ቶሎ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። በረንዳው ለእግረኛው ጥላ ይሰጣል፤ ጥልፍልፉ መስኮት ንፋስ እያስገባ ፀሐይን ይከለክላል። ከሠልጣኞቹ አንዱ መዳፉን በፀሐይ በተመታ ድንጋይ ላይ፣ ቀጥሎም በበረንዳው ጥላ ሥር ባለው ግድግዳ ላይ አሳርፎ ልዩነቱን ሲለካ ማየት ከብዙ ገለጻ ይበልጣል። የፊዚክስና የጂኦግራፊ መምህር በክፍል ውስጥ በሥዕል የሚደክምበትን ነገር ሰፈሩ በአንድ ደቂቃ ያስተምራል።

ሁለተኛ፣ ጉብኝቱ በእግር መሆኑ ራሱ ትልቅ ቁም ነገር ነው። በመኪና የሚያልፍ ሰው ሕንፃዎችን ያያል፤ በእግሩ የሚሄድ ግን ርቀትን፣ ሽታን፣ ቋንቋን ይገነዘባል። በአንድ መንገድ ላይ ሶማልኛ፣ አፋርኛ፣ ዓረብኛ፣ ፈረንሳይኛና አማርኛ ሲደባለቅ ይሰማል። ወደብ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለተማሪ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

ሦስተኛ፣ አስጎብኚው ያረጁና የሚፈርሱ ቤቶችን ጭምር ሳይሸሽግ ማሳየቱ መልካም ነው። የኮራል ድንጋይ ጨውና እርጥበት ሲበላው ይላላል፤ በየጊዜው ኖራ ካልተቀባ ይፈረካከሳል። ሰፈሩ በእንክብካቤ ካልሆነ በቀር የማይቆም መሆኑን ጎብኚው ይረዳል።

የሚጎድለው

ከዚህ በላይ የተጠቀሱት መልካም ጎኖች እንደተጠበቁ ሆነው፣ ጉብኝቱ በሦስት ነገሮች ላይ ከባድ ጉድለት አለበት።

የመጀመሪያው የሠሪዎቹ ነገር ነው። በሁለት ሰዓት ውስጥ የገዥዎችን፣ የነጋዴዎችንና የጸሐፊዎችን ስም ሰማን። ድንጋዩን ከባሕር ያወጣው፣ ኖራውን ያቃጠለው፣ በ40 ዲግሪ ሙቀት ሐዲድ የተሸከመው ግን ማን ነው? የምድር ባቡሩን ሥራ ከአውሮፓውያን አለቆች በታች ሆነው የሠሩት ሶማሌዎች፣ የመናውያን፣ አፋሮችና ከደጋው የወረዱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በወደቡም ላይ ጭነት ሲያወርድና ሲጭን የኖረው ተራው ላብ አደር ነው። ከሠልጣኞቻችን አንዷ፣ «ወንድሜ፣ ይህን ሁሉ ድንጋይ ከባሕር ያወጡት እነማን ናቸው?» ብላ ጠየቀች። አስጎብኚው ቆም አለና፣ «እኅቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ እስከ ዛሬ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም» ሲል መለሰላት። ቅን መልስ ነው፤ ጉድለቱ የአስጎብኚው ብቻ እንዳልሆነም ያመለክታል። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እንመለሳለን።

በዚህ ቦታ ላይ የማሕሙድ ሐርቢ አደባባይ ጥሩ መማሪያ ሊሆን ይችል ነበር። አስጎብኚው ግን እዚያ ሲደርስ ስለ ቀድሞው ስም ስለ አርተር ራምቦ በሰፊው ተረከ። ራምቦ በ1886 ወደ ሸዋ የጦር መሣሪያ ይዞ የወጣው ከታጁራ ነው፤ በ1891 ታሞ ከሐረር ሲመለስም በቃሬዛ የወረደው ወደ ዘይላ ነው። ከጅቡቲ ከተማ ጋር ያለው ግንኙነት ቀጭን ነው። ማሕሙድ ሐርቢ ግን በ1957 የአስተዳደር ምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረ፣ በ1958 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ አገሩ ነፃ እንድትወጣ የተሟገተ፣ በ1960 በአውሮፕላን አደጋ የሞተ የአገሩ ሰው ነው። የከተማው ሕዝብ የአንዱን ስም አንሥቶ የሌላውን ስም የተከለበት ምክንያት አለው። ምክንያቱን የማይናገር ጉብኝት ሰሌዳው ከተለወጠ በኋላ የድሮውን ሰሌዳ እያነበበ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የወሰኑ ነገር ነው። ጉብኝቱ መስጊዱና ገበያው ጋ ሲደርስ ይመለሳል። ከገበያው ወዲያ ግን ሌላ ከተማ አለ። ቀድሞ በንደር ጀዲድ፣ ማለትም አዲሱ የወደብ ከተማ ይባል የነበረው፣ በኋላም በቁጥር «ካርትዬ አንድ»፣ «ካርትዬ ሁለት» እየተባለ እስከ ሰባት የተቆጠረው የአገሬው ሕዝብ ሰፈር ነው። መንገዶቹ እንደ ዳማ መጫወቻ ሰሌዳ ቀጥ ብለው የተከፋፈሉ ናቸው፤ ቤቶቹም ለረጅም ዘመን በአብዛኛው ከእንጨትና ከቆርቆሮ የተሠሩ ነበሩ። የአውሮፓውያኑ ሰፈር ከፍ ባለው የኮራል ደልዳላ ላይ ሲቀመጥ፣ የሠራተኛው ሰፈር ዝቅ ባለው ሜዳ ላይ ተዘረጋ። አንዱ ወገን ለአደባባዮቹ የሰው ስም ሲያገኝ ሌላው ቁጥር ብቻ ደረሰው። ይህን ለማስተዋል ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ መንገዱን መሻገር ብቻ ይበቃል። ጉብኝቱ ግን አይሻገርም።

ይህ ልዩነት የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዝናብ ሲጥል የአምቡሊ ወንዝ የሚያጥለቀልቀው ዝቅተኛውን ሰፈር ነው፤ በ2004ና በ2019 የደረሰው ጎርፍ ለዚህ ማስረጃ ነው። ከከተማው ውጪ ስላለው ስለ ባልባላም እንዲሁ ነው። ጄኔራል ደ ጎል በኦገስት 1966 ጅቡቲን ሲጎበኙ የነፃነት ጥያቄ አንግቦ የወጣው ሕዝብ ከተቃወመ በኋላ፣ የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር ከተማዪቱን በእሾሃማ ሽቦና በመጠበቂያ ማማዎች ከበባት። በዚያ አጥር በር የተከለከለው ሰው ከውጪ ሰፍሮ ባልባላን መሠረተ፤ ዛሬ ባልባላ የከተማዪቱ እጅግ ሰፊ ክፍል ናት። ነጩን ግንብ አይቶ ቁጥሩን ሰፈርና የአጥሩን ታሪክ ሳይሰማ የተመለሰ ሰው፣ ጅቡቲን ጎብኝቻለሁ ቢል ግማሽ እውነት ነው የሚናገረው።

ሦስተኛው ጉድለት እኛን ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ ይመለከታል። አስጎብኚው እንግዶቹ ከኢትዮጵያ መሆናቸውን ሲያውቅ በመጀመሪያው አደባባይ ላይ፣ «ይህ የእናንተው ንጉሥ አደባባይ ነው» ብሎ ይጀምራል። እንግዳው ደስ ይለዋል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ነገሩም እዚያው ያልቃል። እንግዳን ማክበር መልካም ባህል ቢሆንም ሽንገላ ግን ትምህርት አይሆንም። አደባባዩ ምኒልክ የተባለበትን ምክንያት ማወቅ ተገቢ ነው። የተለወጠበትን ማወቅ ግን ከዚያ ይበልጣል። ሰኔ 27 ቀን 1977 ጅቡቲ ከፈረንሳይ ነፃ የወጣችበት ዕለት ነው። የነፃነትን ዋጋ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ እንግዳ በአደባባዩ ላይ ማክበር ያለበት በቅድሚያ ያንን ቀን ነው።

ከዚህም ሌላ፣ ለእኛ ሊነገረን ሲገባ ያልተነገረን ብዙ አለ። ግንቦት 4 ቀን 1936 ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ በባቡር ደርሰው በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ስደት የሄዱት ከዚሁ ወደብ ነው። በ1941ና በ1942 ከተማዪቱ በቪሺ መንግሥት ሥር ሳለች እንግሊዞች ዙሪያዋን ዘግተውባት ሕዝቡ በረኃብ ተሠቃይቷል። በእኛ አገር 1941 የድል ዓመት ተብሎ ሲዘመርለት ከሐዲዱ ወዲያኛ ጫፍ ላይ ግን የረኃብ ዓመት ነበር። አንድ መስመር፣ አንድ ዓመት፣ ሁለት ታሪክ፤ ለታሪክ መምህር ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ከየት ይገኛል?

ከሁሉ በላይ ግን በዚያች አገር ሌላ የእግር ጉዞ አለ። ብዙ ወጣት ኢትዮጵያውያን ድንበር ተሻግረው፣ በዚያ ፀሐይና በዚያ ድንጋያማ ምድር ተጉዘው፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን ለመሻገር ይሞክራሉ። በጃንዋሪ 2019ና በኤፕሪል 2024 ከኦቦክ አካባቢ ጠረፍ ጀልባዎች ሰጥመው ብዙዎች አልቀዋል። ከሟቾቹ መካከል የተማሪዎቻችን እኩዮች ነበሩበት። ከሰባተኛና ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ለመሄድ የሚያስብ ልጅ በየመንደሩ ባለበት በዚህ ጊዜ፣ ጅቡቲን ለተማሪ በነጭ በረንዳና በባሕር ንፋስ ብቻ አሳምሮ መተረክ ቀላል ጥፋት አይደለም። አስጎብኚ ስለ ስደተኛ እንዲናገር ባይጠበቅበትም፣ መምህር ግን ይጠበቅበታል።

ለምን እንዲህ ሆነ?

አስጎብኚውን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም። አስጎብኚነት እንጀራው ነው። ከመርከብ ወርዶ ሁለት ሰዓት ብቻ ያለው መንገደኛ የሚፈልገው ጥላ ያለበት መንገድ፣ የሚያምር ፎቶግራፍና የሚያውቀው ስም ነው። ራምቦንና የቀይ ባሕሩን ጀብደኛ ሄንሪ ደ ሞንፍሬይድን በመጽሐፍ አንብቦ ለመጣ ፈረንሳዊ ስለ እነርሱ ይነገረዋል፤ ለኢትዮጵያዊ ስለ ምኒልክ ይነገረዋል። ባጭሩ ጎብኚው የራሱን ፊት በመስታወት አይቶ ይመለሳል። ጥያቄው ካልተለወጠ መልሱ ሊለወጥ አይችልም። «እስከ ዛሬ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም» ያለውን አስጎብኚ ያስታውሷል።

ችግሩም የጅቡቲ ብቻ አይደለም። በሐረር «የራምቦ ቤት» ተብሎ የሚጎበኘው ያማረ የእንጨት ቤት በአንድ ሕንዳዊ ነጋዴ የተሠራ እንጂ ራምቦ የኖረበት አይደለም። ቤቱ በራሱ ታሪክ፣ ማለትም በሕንዳውያን ነጋዴዎችና በሐረር ንግድ ታሪክ ቢጎበኝ የሚጎድልበት ነገር አልነበረም። የጁገል ግንብ በ2006 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብም የተከበረው የአንድ ባለቅኔ ጥላ ሳይሆን በውስጡ የሚኖረው ሕዝብ ያቆየው የከተማ ኑሮ ነው።

ድሬዳዋን ብንወስድም እንዲሁ ነው። በአንድ በኩል ጥላ ያላቸው ዛፎችና ቀጥ ያሉ መንገዶች ያሉት ከዚራ፣ በሌላ በኩል መጋላ፣ በመካከላቸው ደግሞ የደቻቱ ወንዝ አለ። ከዚራን ብቻ አይቶ «ያማረች የባቡር ከተማ» ብሎ የሚመለስ ጎብኚ፣ ደቻቱ በኦገስት 2006 ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን የቀጠፈው ለምን በዳርቻው የሰፈሩትን እንደሆነ አይጠይቅም። የጅቡቲና የድሬዳዋ አቀያየስ የሚመሳሰለው በአጋጣሚ አይደለም፤ ሁለቱም የአንድ የባቡር መስመር ልጆች ናቸው። ይህን ዝምድና በሁለቱም ጫፍ በእግሩ ያየ ተማሪ ታሪክን ከቃል ጥናት አውጥቶ ወደ ማስተዋል ያደርሰዋል።

መምህራን ምን ማድረግ እንችላለን?

ከላይ የተዘረዘረው ሂስ ፍሬ እንዲኖረው ወደ ተግባር መለወጥ አለበት። በድንበር ማዶ ያለውን ጉብኝት ማስተካከል በእጃችን ላይሆን ይችላል። ተማሪዎቻችንን በአዲስ አበባ፣ በጎንደር፣ በሐረር፣ በድሬዳዋ ወይም በሚኖሩበት ትንሽ ከተማ ይዘን ስንወጣ ግን አስጎብኚዎቹ እኛው ነን። ስለዚህ የሚከተሉትን ሐሳቦች ለሥራ ባልደረቦቻችን እናቀርባለን።

ሀ) ከጉብኝት በፊት ተማሪዎች የሰፈሩን ካርታ በእጃቸው ይሣሉ። ከፍታውን፣ ወንዙን፣ ገበያውን፣ የእምነት ቦታዎቹን ያመልክቱ። የት እንደሚቆሙ ብቻ ሳይሆን የት እንደማይደርሱም በካርታው ላይ ይታያቸው።

ለ) በእያንዳንዱ ሕንፃ ፊት ሦስት ጥያቄዎች ይጠየቁ፦ ማን አሠራው? ማን ሠራው? ማን ሊገባበት አይችልም ነበር? የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ብዙውን ጊዜ በመጻሕፍት ይገኛል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን ከሽማግሌዎች፣ ከድንጋዩና ከሰፈሩ አቀማመጥ ይገኛሉ። ተማሪው ተመራማሪ የሚሆነው እነዚህን ሲፈልግ ነው።

ሐ) የቦታ ስሞች ይሰብሰቡ። አሮጌው ስም፣ አዲሱ ስም፣ ሕዝቡ በአፉ የሚጠራው ስም ተለይተው ይጻፉ። ስም የተለወጠበት ቀን ብዙውን ጊዜ ታሪክ የተለወጠበት ቀን ነው። የቋንቋ መምህርና የታሪክ መምህር በዚህ ላይ ተባብረው ቢሠሩ ውጤቱ እጥፍ ይሆናል።

መ) መንገዱ የግድ ይሻገር። ያማረው ሰፈር ከታየ ቀጥሎ ያለውም ይታይ። ይህም ሲደረግ የሰውን ድህነት እንደ ትርዒት ለማየት እንዳይሆን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሰው ወደ ቤቱ ሲጠራን እንገባለን፤ ካልተጠራን ከመንገድ ላይ ሰላምታ ሰጥተን እናልፋለን። ሳይፈቀድ ፎቶግራፍ ማንሣት ክልክል ይሁን። ወደ ሰፈሩ ስንገባ የሚመራን የሰፈሩ ሰው ቢሆን የተሻለ ነው።

ሠ) ከጉብኝት በኋላ ተማሪዎች የአስጎብኚውን ትረካ እንደ አንድ ድርሰት ይሂሱት። ምን አሳመረ? ምን ዘለለ? ለምን? ሂሱ አስጎብኚውን ለማሳፈር ሳይሆን የተሻለ ጥያቄ ይዞ ለመመለስ ይሁን። በሁለተኛው ዓመት ያው አስጎብኚ፣ «አምና የጠየቃችሁኝን አጣርቼ ጠበቅኋችሁ» ቢል ከትምህርት ቤቱ አልፎ ከተማው ተማረ ማለት ነው።

ይህ ሥራ ቸኩሎ መሠራት ያለበት ለመሆኑም ምክንያት አለ። ጥንታዊው የባቡር መስመር ሥራውን አቁሞ በምትኩ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከ2018 ጀምሮ በመደበኛነት ማጓጓዝ ጀምሯል፤ የጅቡቲው አዲስ ጣቢያም ከአሮጌው ከተማ ርቆ በናጋድ ነው ያለው። መንገደኛው አሮጌውን ሰፈር ሳያይ ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው። በአዲስ አበባም በ2024 የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰው ሰፈሩ መልኩ ተለውጧል። በዚያ መንገድ ተማሪዎቹን ቀደም ብሎ በእግር ያዞረ መምህር በተማሪዎቹ ደብተር ውስጥ አንድ ፒያሳ አስቀርቷል። ያላዞረው ግን ከእንግዲህ ሊያሳይ የሚችለው ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹም አይቆዩም። በቀድሞው ምድር ባቡር ላይ የሠሩ ሰዎች በድሬዳዋም በጅቡቲም እያነሱ ሄደዋል፤ ድንጋዩን ማን እንዳወጣው፣ ሐዲዱን ማን እንደጠገነው ከአባቶቻቸው የሰሙት እነርሱ ናቸው።

ማጠቃለያ

የጅቡቲ አሮጌ ሰፈር ጉብኝት መጥፎ ጉብኝት አይደለም። ለዓይን የሚያስደስት፣ ስለ አየርና ስለ ግንባታ ብዙ የሚያስተምር ነው። ጉድለቱ ቀደም ብሎ ማቆሙ ላይ ነው፤ ባለሥልጣኑን አሳይቶ ሠራተኛውን፣ ስም ያለውን አደባባይ አሳይቶ ቁጥር ብቻ ያለውን ሰፈር፣ እንግዳውን አሞግሶ የአገሬውን የነፃነት ቀን ያልፋል። ይህን ጉድለት የሚያርመው ሌላ ምንም ሳይሆን የሚጠይቅ ጎብኚ ነው። የሚጠይቅ ጎብኚ ደግሞ በአንድ ቀን አይፈጠርም፤ በክፍላችን ውስጥ፣ በትንሹ ከተማችን መንገድ ላይ፣ በዓመታት ልምምድ የሚቀረጽ ነው።

ስለዚህ መምህራን በሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ቢያንስ አንድ የእግር ጉብኝት በዕቅዳቸው ውስጥ እንዲያካትቱ፣ ተማሪዎችም የሰበሰቡትን ካርታ፣ ስምና የሽማግሌ ቃል በትምህርት ቤታቸው ቤተ መጻሕፍት እንዲያስቀምጡ እናሳስባለን። ከሌሎች ከተሞች የተገኘ ተመሳሳይ ልምድ ያላቸው ባልደረቦች በዚህ መጽሔት ላይ ቢጽፉ፣ አንዱ ያየውን ጎዳና ሌላው ከራሱ ጋር እያስተያየ ይማርበታል።